ፕሮሰሰራችሁ ሲግል፦ ኩለር ከመቀየራችሁ በፊት

ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ዴስክቶፕ ጌም በተከፈተ ቁጥር ፋኑ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀምሯል? ቪዲዮ ስታቀናብሩበት ይጎተታል? ይባስ ብሎ መሀል ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋል? እንግዲያው ፕሮሰሰሩ እየጋለ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ኩለር (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ) ለመግዛት ይሮጣል። እኔ የመጀመሪያ ማሽኔ ሲግልብኝ ኬዙ ላይ 2 ተጨማሪ ፋን ገጠምኩ። ለውጥ የለም። የኬዙን ጎን ከፍቼ ተጠቀምኩበት። ያው ነው። በመጨረሻ ኩለሩን ስነቅለው ነገሩ ተገለጠልኝ። ተርማል ፔስቱ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ በአንድ በኩል እንደ ወረቀት ሳስቷል። በሌላው ጥግ ግን ከቱቦው እንደወጣ ተቆልሎ ቀርቷል። ከ4ቱ የኩለሩ እግሮች አንዱ ማዘርቦርዱ ውስጥ በደንብ አልገባም ነበር። ኩለሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር በወጉ ካልተገናኘ፣ ፋን በፋን ላይ ብትደረድሩ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ንክኪ አረጋግጡ የምለው ለዚህ ነው።

1. ሙቀቱን በቁጥር እወቁ

ኬዙን በእጅ ዳስሶ «ሞቋል» ማለት ምንም አይነግራችሁም። ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጫኑ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ማሽኑ ምንም ሳይሠራ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያሳይ ደህና ነው። ጌም ላይ ከ60 እስከ 80 ቢደርስም አትደንግጡ። የብዙዎቹ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። እንደ ኤኤምዲው ራይዘን 7950ኤክስ ያሉት ደግሞ ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 95 እንዲሄዱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጎተቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ያም ካልበቃው ማሽኑን ያጠፋዋል።

አሁን ሲኒቤንች የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም አስነሱና ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ተመልከቱ። ሙቀቱ በ2 እና በ3 ሴኮንድ ውስጥ ከ40 ወደ 95 ዘሎ ከወጣ መጀመሪያ ንክኪውን ጠርጥሩ። እየተንቀረፈፈ በ10 እና በ15 ደቂቃ ከወጣ ግን ጉዳዩ አቧራ ወይም የአየር ዝውውር ነው። ከላይ ያነሳኋቸው ኃይለኛ ራይዘኖች ጤነኛ ሆነውም ቶሎ ስለሚወጡ እነሱን በዚህ ብቻ አትፍረዱባቸው።

ማሽኑ ሥራ ሳይኖረው የሚግል ከሆነ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። የሆነ ፕሮግራም ተደብቆ ሲፒዩውን (ፕሮሰሰሩን) እየበላው ሊሆን ይችላል።

2. ቀላሎቹን ጨርሱ

ገመዱን ንቀሉና ኬዙን ክፈቱ። አቧራውን በብሩሽና በአየር አውጡ። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፣ ከአቅሙ በላይ እንዳይሽከረከር። የኩለሩ ፋን ማዘርቦርዱ ላይ የሲፒዩ ፋን በሚለው ቦታ መሰካቱን እዩ። ፋን አየር የሚያስወጣው ሞተሩን የሚይዘው የፕላስቲክ ፍሬም ባለበት በኩል ነው። የፊተኞቹ ወደ ውስጥ፣ የኋላውና የላዩ ወደ ውጭ ይንፉ።

3. ኩለሩን መንቀል

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ኤኤም4 የሚባል ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ባላቸው የኤኤምዲ ማሽኖች ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ 1331 ናቸው። ፔስቱ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ማስቲሽ ይይዛል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ማሽን ጠዋት ከፍቼ ኩለሩን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት። «ቋ!» አለ። ገልብጬ ሳየው ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ መቆለፊያ አምልጦ ኩለሩ ላይ ተጣብቆ ወጥቷል። ጥግ ላይ ያሉት ፒኖች ተጣመዋል። እስከ ማታ ድረስ በቀጭን መርፌ ሳቃና ዋልኩና አንዱ እጄ ላይ ተሰበረ። ያ ፕሮሰሰር ከዚያ በኋላ አልሠራም። በጣም ነው ያዘንኩት፤ 10 ደቂቃ ብታገሥ የማይደርስ ነገር ነበር።

ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት ማሽኑን 10 ደቂቃ ያህል ከባድ ሥራ አሠሩት። ፔስቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ። ማሰሪያውን ስትፈቱ ኩለሩን ወደ ላይ አትሳቡ። መጀመሪያ ግራና ቀኝ በትንሽ በትንሹ ጠምዝዙት። መንሸራተት ሲጀምር ብቻ አንሱት። እምቢ ካለ አትታገሉት፣ እንደገና አሙቁት።

ከተነቀለ በኋላ ፔስቱን ለመጥረግ አትቸኩሉ። መልሱ ያለው እዚያ አሻራ ላይ ነው። በሁለቱም ፊት እኩል ሳስቶ ከተዘረጋ ንክኪው ደህና ነበር። በአንድ ጥግ ከወፈረ ኩለሩ ተንጋድዶ ነበር ማለት ነው። ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ዕድሜው አልቋል። የኩለሩ ሥር ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ተለጥፎ ካገኛችሁ ደግሞ ፍለጋው እዚያው አበቃ። ሲገጠም መላጥ የነበረበት ነው፤ ልምድ ያለውም ሰው ይረሳዋል።

4. መልሶ መግጠም

ሁለቱንም ፊት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን አልኮል ምረጡ። አሮጌ ፔስት ላይ አዲስ አይጨመርም። መሀል ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ጠብታ ይበቃል። ሞላላ ለሆኑት ፕሮሰሰሮች መሀሉ ላይ አጭር መስመር አስምሩ። በካርድ መዳመጡን እኔ አልወደውም፤ የኩለሩ ጫና ራሱ ይዘረጋዋል። በፔስት ፋንታ የጥርስ ሳሙና የሚመክሩ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው፤ ቶሎ ይደርቃል። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውም ለጀማሪ አይሆንም። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ይበላል። አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ማዘርቦርዱን ልታቃጥለው ትችላለች።

ኩለራችሁ ባለ ብሎን ከሆነ አንዱን እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። በሰያፍ እየተሻገራችሁ እያንዳንዱን በጥቂት በጥቂት አዙሩ።

እኔን ያስቸገረኝ ባለ 4 የፕላስቲክ እግሩ የኢንቴል ኩለር ነው። የእግሮቹ አናት ላይ ቀስት አለ። ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ማዞር ማላቀቂያ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ሁሉንም በተቃራኒው አዙራችሁ መልሷቸው። ከዚያ በሰያፍ ያሉትን 2 እግሮች በሁለት አውራ ጣት አንድ ላይ ተጫኑ። «ቀጭ» ሲል መስማት አለባችሁ። ቀጥሎ የቀሩትን ሁለቱን። ድምፁን ግን ብቻውን አትመኑት፤ እኔን ያታለለኝ እሱ ነው። ማዘርቦርዱን ከጀርባ እዩ። ብዙ ኬዞች ለዚህ የሚሆን ክፍተት አላቸው። ነጩ እግር ለሁለት ተከፍሎ፣ ጥቁሩ ፒን መሀሉ ገብቶ መታየት አለበት። 4ቱንም ተራ በተራ ተመልከቱ። ከኬዙ ክፍተት የማይታይ ከሆነ ማዘርቦርዱን አውጥታችሁ ግጠሙ። አድካሚ ቢሆንም ድጋሚ ከመንቀል ይሻላል። ኩለሩ አልስተካከል ብሎ ካነሳችሁት ፔስቱን ጠርጋችሁ በአዲስ ጀምሩ።

በውሃ የሚሠራ ኩለር ከሆነ ፓምፑ መሰካቱንና መዞሩን አረጋግጡ። የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ አየር ፓምፑ ውስጥ ይጠራቀማል።

5. ባዮስ ውስጥ

አንዳንድ ማዘርቦርዶች ፍጥነት ለመጨመር ብለው የፕሮሰሰሩን የኃይል ገደብ በራሳቸው ያነሱታል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩ ፋብሪካ ወዳስቀመጠው መልሱት። በቅርብ ጊዜ ራይዘኖች ኢኮ ሞድ የሚባል ምርጫ አለ፤ ከፍጥነቱ ትንሽ ወስዶ ሙቀቱን በደንብ ያወርደዋል። ፋኑም ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ከረር እንዲል አስተካክሉ። ንክኪው ሳይስተካከል ግን እዚህ መጥታችሁ አትድከሙ።

6. እንደገና ለኩ

ያንኑ ሲኒቤንች ለ10 ደቂቃ አስኪዱና ከፍተኛውን ቁጥር ከፊተኛው ጋር አወዳድሩ። እኔ ቁጥሩንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፌ የኬዙ ጎን ውስጠኛው ፊት ላይ እለጥፋለሁ። በዓመቱ ለአቧራ ስከፍተው መልሼ እለካለሁ። በተመሳሳይ ወቅት ለክቼ 10 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ካገኘሁት ከአቧራው ጋር ፔስቱንም እቀይራለሁ።