ለሆት ሮድ የኋላ ዲፈረንሻል እንዴት ይመረጣል? ለጎንደር ዳገት የሚሆነውን

አሮጌ ፊያት 1100 አግኝቶ ጠንካራ ሞተር ልግጠምበት የሚል ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ ነው? ድምፁ እንዴት ነው? ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ትዝ የሚለው ሞተሩ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ያገኘውን ይገጥማል። ከዚያ ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ይቀራል፣ ወይም መኪናው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ያቃስታል።

ሆት ሮድ የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። እንደ 1932ቱ ፎርድ ያለ ቀላል አሮጌ ቦዲ ወስደው ትልቅ ሞተር ይጭኑበታል። ከኋላ ደግሞ ፎርድ ከ1957 ጀምሮ የሠራውን "ዘጠኝ ኢንች" የሚባል ዲፈረንሻል ይወዳሉ። ዘጠኝ ኢንች የኮሮናው፣ ማለትም የውስጡ ትልቁ ክብ ጥርስ፣ ከዳር እስከ ዳር ልኩ ነው። የተወደደው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ሁለቱ የጎማ ሻፍቶች ከተሳቡ በኋላ የማርሹ ክፍል በፊት በኩል በብሎን ተፈትቶ እንዳለ ይወጣል። እኛ ጋ እሱን ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። አሮጌው ሂሉክስ፣ ሃይኤስና በኋላ ጎማ የሚነዳው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስም አሠራራቸው እንዲሁ ነው።

1. ሞተሩን፣ ጎማውንና ቸርኬውን አስቀድማችሁ ወስኑ

እነዚህ ካልተወሰኑ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ሁሉ ከንቱ ነው።

2. ስፋቱን ለኩ

ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

መኪናውን በአራቱም ጎማ፣ ከነሙሉ ክብደቱ፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት። በክሪክ ተሰቅሎ የተለካ ልክ አይረባም። ከሁለቱም የኋላ ፓራፋንጎዎች የውስጥ ጠርዝ ቱንቢ ጣሉ፣ ያረፈበትንም በጠመኔ አመልክቱ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት መነሻችሁ ነው።

ለምሳሌ 1,500 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። በየጎኑ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው። መኪና ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ባሌስትራም (የኋላውን የሚሸከመው ድርብርብ ሞላ) ይወዛወዛል፤ ከዚህ ማነስ የለበትም። 1,450 ቀረ። ጎማው 205 ወርድ ካለው እሱንም ቀንሱ፤ 1,245 ይሆናል። ይህ ከአንዱ ቸርኬ መሐል እስከ ሌላው ቸርኬ መሐል ያለው ርቀት ነው። ገና የዲፈረንሻሉ ስፋት አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ይገዛል። ችግሩ ቸርኬው ታምቡሩ ላይ የሚያርፍበት ፊት ሁልጊዜ የቸርኬው መሐል ላይ አለመሆኑ ነው። ብዙ ቸርኬ ላይ "ኢቲ" የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ኢቲ 20 ከሆነ ማረፊያው ከመሐል 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ነው፤ ጎማው በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 1,245 ላይ ሁለት ጊዜ 20 ትደምራላችሁ። የምትፈልጉት ከታምቡር ፊት እስከ ታምቡር ፊት 1,285 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲፈረንሻል ነው ማለት ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ለምሳሌ 15 ከሆነ በየጎኑ 15 ይቀነሳል፣ 1,215 ይሆናል። ሻጩ ጋ ስትለኩ ታምቡሮቹ ቦታቸው ላይ ይሁኑ። ታምቡሩም ውፍረት አለው።

የውስጡን አትርሱ። ከላይ ባለው ምሳሌ በሁለቱ ጎማዎች የውስጥ ጎን መካከል 1,040 ይቀራል። ባሌስትራው፣ ሻንሲውና የፍሬን ቱቦው በዚያ ውስጥ ሳይነካኩ መቀመጥ አለባቸው።

አንድ የማውቀው ልጅ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመድ በስልክ አዝዞ የሂሉክስ ዲፈረንሻል አስመጣ። ንጹሕ ዕቃ ነበር። ሲገጠም ግን ጎማው ከፓራፋንጎው አራት ጣት ወጣ። ምን አደረገ? የዲፈረንሻሉን ቤት (ሻፍቶቹ የሚገቡበትን ውጫዊ ብረት) አስቆርጦ አሳጠረ፣ የጎማ ሻፍቶቹንም መሐላቸው ላይ አስቆርጦ አስበየደ። ቶርኖ ላይ ሲዞሩ ልክ ነበሩ። ከደባርቅ ሲመለስ አንዱ ብየዳው ላይ ተቆረጠ፤ ደግነቱ ሜዳ ላይ ነበር። የጎማ ሻፍት በሙቀት እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬ ይበላሻል። ቤቱን በጥሩ ባለሙያ ማሳጠር ይቻላል። የተቆረጠና የተበየደ ሻፍት ግን በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሌላ ኢቲ ያለው ቸርኬ መፈለግ በጣም ይረክሳል።

3. ሬሾውን ለዳገቱ ምረጡ

4.1 ሲባል ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፕሮፔለሩ (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ) 4.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ዳገት ይቀላል፣ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል።

በሒሳብ እንየው። 205/70 አር 15 ጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በደቂቃ 635 ጊዜ ያህል ይዞራል። ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሚሆንበት ማርሽ፣ ብዙ ጊዜ አራተኛው ነው፣ በ3.5 ሞተሩ 2,220 ይዞራል። በ3.9 ደግሞ 2,480፣ በ4.3 2,730 ይሆናል።

የአሜሪካ ጽሑፎች ከ3.0 እስከ 3.5 ያለውን ሲያወድሱ ታያላችሁ። እነሱ ትልቅ ሞተርና ረጅም ሜዳ አላቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ገደማ ያጣል። ፋብሪካው 100 ፈረስ ያለው ሞተር እዚህ 80 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ዳገቱ አለ፤ ሊማሊሞን ያየ ያውቀዋል። ለ1,600 ሲሲ ሞተር ከ3.9 እስከ 4.3 ባለው ውስጥ ቆዩ ባይ ነኝ። ካምቢዮአችሁ አምስተኛ ማርሽ ካለው 4.3ን አትፍሩ። በመተማ መንገድ ቆላው ላይ አምስተኛው ያሳርፈዋል።

ሻጩ የሚነግራችሁን ሬሾ አትመኑ። ቁጥሩን ቆጥራችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ከመኪና የወረደ ዲፈረንሻል ከሆነ አንዱን ታምቡር ሰው ይያዝላችሁ፣ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። የፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ራስ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት፣ ስንት ጊዜ ዞረ? አራት ዙርና ትንሽ ከሆነ 4.1 ሊሆን ይችላል። እርግጡን ለማወቅ ጥርስ ይቆጠራል፤ ኮሮናው 43፣ ፒኞኑ 10 ከሆነ 4.3 ነው።

4. ከየትኛው መኪና?

ቀላል ቦዲና እስከ 1,600 ሲሲ ሞተር ላለው ሰው የዲኤክሱን እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ ጠባብ ነው፣ መለዋወጫውን ማንም ያውቀዋል። ላዳም መጥፎ አይደለም። በ2101 ሞዴል ላይ 4.3፣ በ2103 ላይ 4.1፣ በ2106 ላይ 3.9 ይመጣል። ግን ላዳ በባሌስትራ ሳይሆን በጥቅል ሞላ ላይ የተሠራ ስለሆነ መቀመጫ መበየድ ግድ ነው። ሂሉክስ ከ2,000 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር ነው፤ ስፋቱን ከቻላችሁት።

አሮጌውን ላንድ ሮቨር ብዙ ሰው ይጠቁማችኋል። ሬሾው 4.7 ነው፣ ለዳገት ግሩም። ግን የፒኞኑ ራስ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነው፤ የጎማ ሻፍቱም በመቆረጥ ስም ያወጣ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪናን ደግሞ "አይሰበርም" ብለው የሚገጥሙ አሉ። እውነት ነው፣ አይሰበርም። ቀላል መኪና ሥር ያ ሁሉ ብረት ሲሰቀል ግን ኮብልስቶን ላይ ኋላው ይዘላል፣ ጎማው መሬት አይቆነጥጥም። ቦዲያችሁ ፔጆ 404 ከሆነ ነባሩን አብዛኛውን ጊዜ እርሱት፤ ፕሮፔለሩ በቱቦ ውስጥ የሚሄድ፣ ማርሹም የትል ማርሽ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከሌላ ካምቢዮ ጋር ማስማማቱ ፈተና ነው።

ሁለቱ ጎማ እኩል እንዲዞር ዲፈረንሻሉን ውስጡን የሚበይዱም አሉ። ለዚህ ከተማ ኩርባ? ተዉት።

5. ሻጩ ጋ ምን ይታያል?

ዘይቱን አስፈሱ። ማግኔት ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብረት ቢኖር ያለ ነው፤ ቁራጭ ከወጣ ሂዱ። የፒኞኑን ራስ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዞሩት ያለው ትንሽ ክፍተት ግን ትክክል ነው። ጥርሱ ሰማያዊ ከሆነ ያለ ዘይት ሄዷል ማለት ነው። ኮሮናና ፒኞን አብረው የተፋጩ ጥንዶች ናቸው፤ "ኮሮናው ከዚህ፣ ፒኞኑ ከዚያ" የሚላችሁን አትስሙ፤ ሲጮኽ ይኖራል።

6. አገጣጠሙ

የካምቢዮው መውጫና የፒኞኑ ራስ ትይዩ መሆን አለባቸው። ካምቢዮው ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ካዘቀዘቀ ፒኞኑ ወደ ፊት 3 ዲግሪ ቀና ይላል። የስልክ የውሃ ልክ መተግበሪያ ይበቃል። በባሌስትራ ላይ ከሆነ ግን ፒኞኑን ከዚያ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት፤ ነዳጅ ስትረግጡ ባሌስትራው ተጠምዞ ራሱን ያነሣዋል። ይህ ካልተስተካከለ መኪናው በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቸራም (የፕሮፔለሩ መገጣጠሚያ) ይበላል።

የባሌስትራውን መቀመጫ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት፤ መኪናው በሙሉ ክብደቱ ቆሞ። ዲግሪውን እንደገና ለኩ። ከዚያ አውጡትና አጫጭር እያደረጋችሁ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተዘዋወራችሁ በይዱ። በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ቤቱ ይጎብጣል። የብየዳውን መሬት ገመድ እዚያው አጠገቡ እሰሩት፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኩሽኔታው ይቆሳስላል።

ፍሬን ላይ አንድ ነገር። ከከባድ መኪና የመጣ ታምቡር ቀላል መኪና ላይ ኋላውን ቀድሞ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ መኪናው ይዞራል። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ በቀስታ ፈትኑት። ከያዘ አነስ ያለ የፍሬን ሲሊንደር ይቀየርለት።

የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ያለ ስለሆነ፣ ሞተር የቀየረ ሰው ቦሎ ከመድረሱ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ ይበል።

ዘይቱ ጂኤል 5፣ 80 ደብሊው 90 ይሁን። ከላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ጥረጉ፤ ከተደፈነች ረጅም ዳገት ላይ ሙቀቱ ዘይቱን በፓራኦሊው (በዘይት ማገጃው ላስቲክ) በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል፣ እሱም ፍሬኑ ላይ ይፈሳል። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይሩ፣ የባሌስትራውን ዳዶዎችም እንደገና አጥብቁ።