የፖሊስ የደረት ካሜራ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው (ለአዳማ የግዥ ኮሚቴዎች)

የደረት ካሜራ ተገዝቶ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ ሥሩ ብዙውን ጊዜ የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ነው። ሰነዱ «የምስሉ ጥራት 1080፣ ባትሪው 12 ሰዓት የሚቆይ» ብሎ ካበቃ፣ አቅራቢውም ያንኑ ይዞ ይመጣል፤ ርክክቡም በወረቀት ያልቃል። ይህ ጽሑፍ እንደ አዳማ ላለ ከተማ 100 ያህል ካሜራ ለመግዛት ለሚያስቡ የግዥ ኮሚቴዎችና የአይሲቲ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ማስረጃ የሚጠፋው በማከማቻው ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን።

ዐቃቤ ሕግ ከሁለት ወር በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ሲጠይቅ ፋይሉ የለም

ሰርቨሩ አልተበላሸም፤ የሰረዘውም ሰው የለም። ዲስኩ ሲሞላ ሲስተሙ ራሱ በአሮጌው ላይ አዲሱን ጽፎበታል። ዲስኩ ያለጊዜው የሞላው ደግሞ ግዥው የታሰበው በካሜራ ብዛት ስለነበር ነው። መሰላት ያለበት በተቀረጸው ሰዓትና በቢትሬቱ (ቪዲዮው በሰከንድ በሚይዘው የመረጃ መጠን) ነው።

1080 ጥራት በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲቀረጽ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይወጣዋል። አንድ ፖሊስ በፈረቃው 4 ሰዓት ከቀረጸ 7.2 ጊጋባይት፣ 100 ካሜራ ደግሞ በቀን 720 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ ለ90 ቀን ይቀመጥ ከተባለ 64.8 ቴራባይት ነው። ከየቀኑ ቀረጻ አስር በመቶው ክሱ እስኪያልቅ የሚቆይ ከሆነ በየዓመቱ 26 ቴራባይት እየተደመረበት ይሄዳል። «20 ቴራባይት ይበቃችኋል» የሚል አቅራቢ ከመጣ ይህን ስሌት ያሳዩት፤ 20 ቴራባይት በ28ኛው ቀን ሞልቶ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ ሰነዱ ላይ ቢትሬቱን፣ በፈረቃ የሚቀረጸውን ሰዓትና የማቆያውን ጊዜ በቁጥር ይጻፉ። ባለ 16 ቴራባይት 12 ዲስኮች በሬይድ 6 (ዲስኮችን አጣምሮ የሁለቱን ያህል ቦታ ለመጠበቂያ በሚይዝ አደረጃጀት) ሲደራጁ 160 ቴራባይት ይሰጣሉ፤ ሁለት ዲስክ ቢበላሽም መረጃው አይጠፋም። ከላይ ባለው ስሌት እስከ ሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ሳይጨናነቅ ይይዛል። ሬይድ ግን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ ክፍሉ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል። ቢያንስ የክስ ፋይሎቹ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሕንፃ መቀመጥ አለበት።

ሰርቨሩ ሥራ በጀመረበት ዕለት ሦስት ነገር ይደረግ። በአሮጌው ላይ የመጻፍ ቅንብሩ ይጠፋ፤ ዲስኩ 75 በመቶ ሲደርስ ለኃላፊው መልእክት እንዲሄድ ይስተካከል፤ ቪዲዮው ዶክ ላይ (ካሜራው ቻርጅ በሚደረግበትና ቪዲዮውን በሚያራግፍበት ማስቀመጫ) ሲገባ ዓይነቱ ይመዝገብ፦ ተራ ፍተሻ፣ እስር፣ ኃይል የተጠቀሙበት፣ በስህተት የተቀረጸ። ለእያንዳንዱ የማቆያ ቀን ይወሰን። ሁሉንም ለዘላለም ማስቀመጥም መፍትሄ አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ አልፎ እንዳይቀመጥ ይፈልጋል። አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ በተራ ፍተሻ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ፊቱ ከዓመታት በኋላም ሰርቨር ላይ የሚቆይበት ምክንያት የለም።

ቪዲዮው ተጭኖ አያልቅም፤ ካሜራው ለጠዋት ፈረቃ አይደርስም

ይህ የሚገጥመው ማከማቻው ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ብቻ ሲሆን ነው። 720 ጊጋባይት በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 80 ሰዓት ይፈጃል፤ ቀኑ ግን 24 ሰዓት ነው። ካሜራዎቹ ጣቢያው ውስጥ ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ ወደ ጣቢያው ሰርቨር ያራግፉ፤ ዲስኮቹ እኩል ከፈጠኑ ሥራው በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ወደ ውጭ የሚላከው የክስ ፋይል ብቻ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ዶኩም፣ ስዊቹም (የኔትወርክ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን)፣ ሰርቨሩም ጀነሬተር እስኪነሳ በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) መቆየት አለባቸው። ሰርቨሩን ብቻ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ስዊቹን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ ፋይሉ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። ካሜራው ደግሞ ሰርቨሩ «ሙሉውን ተቀብያለሁ» ሳይል ከራሱ ላይ እንዳይሰርዝ በሰነዱ ይጠየቅ።

የምስክሩ ቃልና የቪዲዮው ሰዓት አይገጥምም

መርማሪው «ከምሽቱ 3፡30» ብሎ ጽፏል፤ ቪዲዮው ላይ 21፡30 ይነበባል። ሁለቱም ያው ሰዓት ናቸው፤ መዝገቡን በችኮላ የሚያይ ሰው ግን 3፡30ን ሌሊት አድርጎ ያነበዋል። ቀኑ ላይ ሲደርስ ይብሳል። ምስክሩ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲል ለማክሰኞ አጥቢያ ማለቱ ነው፤ ካሜራው ግን ማክሰኞ 02፡00 ብሎ መዝግቧል። መስከረም 5 ቀን 2017 የተፈጸመው ድርጊትም ቪዲዮው ላይ ሴፕቴምበር 15፣ 2024 ሆኖ ይወጣል።

አንዳንዱ ጣቢያ ይህን ለማስታረቅ የካሜራውን ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀይራል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ከሰርቨሩ መዝገብ ጋር ይጋጭና ቪዲዮው ተነካክቷል ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። ካሜራው በ24 ሰዓትና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ይቆይ። ሶፍትዌሩ ቪዲዮ ሲያወጣ ከፋይሉ ጋር በሚታተመው ቅጽ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍ በጨረታው ይጠየቅ። «አጥቢያ» የሚለውም በግልጽ ይጻፍ።

ልዩነቱ የደቂቃዎች ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። የካሜራ ሰዓት በራሱ ሲተው በወር ወደ አንድ ደቂቃ ሊዛነፍ ይችላል። ዶክ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ከሰርቨሩ ጋር እንዲስተካከል ይደረግ፤ ፖሊሱ በእጁ እንዳይቀይረው ይቆለፍ።

ፍርድ ቤት የቀረበው ቪዲዮ «ዋናው አይደለም» ተባለ

ቪዲዮው በቴሌግራም ተልኮ ይሆናል። ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ሲልክ ጨምቆ ሌላ ፋይል ያደርገዋል፤ ምስሉ ያው ቢመስልም የፋይሉ አሻራ (ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣው መለያ) ይለወጣል። ሲስተሙ እያንዳንዱ ቪዲዮ ሲገባ ሻ-256 (SHA-256) በሚባለው ዘዴ አሻራውን አስልቶ ይመዝግብ፤ ቅጂው ሲወጣም ያንኑ በቅጹ ላይ ያትም። ተቀባዩ ድጋሚ ሲያሰላው አንድ ቁምፊ እንኳ ከተለየ ፋይሉ አንድ አይደለም። ማን ከፈተ፣ ማን ገለበጠ፣ መቼ የሚለው መዝገብ በአስተዳዳሪውም እንኳ የማይሰረዝ ይሁን። የመክፈቻ ስምና የይለፍ ቃል ለየሰው ይሰጥ፤ ጣቢያው በሙሉ በአንድ ይለፍ ቃል የሚገባ ከሆነ መዝገቡ ዋጋ የለውም።

ባትሪው ከምሳ በኋላ ያልቃል

ብሮሹሩ ላይ ያለው 12 ሰዓት ካሜራው ሳይቀርጽ በተጠንቀቅ የቆመበት ሊሆን ይችላል። ሰነዱ «በ1080፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ጂፒኤስና ቅድመ ቀረጻ (ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያሉትን ሰከንዶች የሚይዘው) በርተው፣ ሳያቋርጥ 8 ሰዓት» ይበል። በርክክብ ቀን አቅራቢው የመረጠው ናሙና አይበቃም፤ ኮሚቴው ራሱ ከተለያዩ ካርቶኖች አምስት ያንሳ፣ ሙሉ ቻርጅ ያድርግ፣ እስኪጠፉ ያስቀርጽ። አንዱ 8 ሰዓት ካልሞላ ርክክቡ ይቁም። ካሜራ በአዳማ ፀሐይ የቆመ ፓትሮል ዳሽቦርድ ላይ እንዳይተው መመሪያ ይኑር፤ ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። አይኢሲ 62133 በተባለው የባትሪ ደህንነት መስፈርት የተደረገ ምርመራ ውጤትም ይጠየቅ። በ2018 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፖሊስ ካሜራ በመቃጠሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተመሳሳይ ካሜራዎች ከሥራ ውጭ ሆነዋል።

ምስሉ አለ፣ ድምፁ አይሰማም

አዳማ የነፋስ ማመንጫ የተተከለበት ከተማ ነው። ማይክራፎኑ መከላከያ ከሌለው ነፋሱ ንግግሩን ይውጠዋል። ናሙናውን ቢሮ ውስጥ አይፈትሹት፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ያውጡት፣ 3 ሜትር ርቆ በመደበኛ ድምፅ የሚናገር ሰው በኦሮምኛም በአማርኛም ይቀረጽ፤ ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው ሰምቶ ይጻፈው። ለአቧራው አይፒ67 (አቧራ የማያስገባ መሆኑን የሚያሳይ ደረጃ) ይጠየቅ።

ውሉ ሲያበቃ የራሳችን ቪዲዮ አይከፈትልንም

ፋይሉ በአቅራቢው ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት ነበር ማለት ነው። ጨረታው የሚወዳደረው በካሜራ ዋጋ ሳይሆን በ5 ዓመት ጠቅላላ ወጪ ይሁን፦ ዓመታዊ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ዲስክ፣ ምትክ ባትሪ፣ ሥልጠና ተደምሮ። ውሉ ሲያልቅ ሁሉም ቪዲዮ በኤምፒ4 (በማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት የቪዲዮ ፋይል ዓይነት)፣ መዝገቡም በሠንጠረዥ ፋይል እንዲረከብ፣ የምስጢር ቁልፎቹም በፖሊስ እጅ እንዲሆኑ ይጻፍ። ይህ ተፈጽሞ 20 ቪዲዮ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ የውል ማስከበሪያው አይለቀቅ። የደረት ማንጠልጠያው ቶሎ የሚሰበር ዕቃ ስለሆነ ለ100 ካሜራ 20 ትርፍ ከመጀመሪያው ይታዘዝ፤ ለብቻው በኋላ ሲገዛ ወራት ይፈጃል።