ድመትን ከጓሮ ወፎች ለማራቅ ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ወፎች ጓሯችሁን ከለመዱ ድመትም መምጣቷ አይቀርም። የጎረቤት ትሁን የራሳችሁ፣ ለወፏ ለውጥ የለውም። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገው ኩሽና ገብቶ የሚሸት ነገር ሁሉ ቀላቅሎ መርጨት ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ መከላከያ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። አንዳንዱ ድመቷን ይጎዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወፎቹን አባርሮ ድመቷን ያስቀራል።

ከሁሉም አደገኛው መርዝነት ያለው ነገር መጠቀም ነው። ናፍታሊን ለልብስ ብል እንጂ ለጓሮ አልተሠራም። ድመት ከዋጠችው ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። ለትንንሽ ልጆችም አደገኛ ነው፣ መሬት ላይ የወደቀ ነጭ እንክብል ደግሞ ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል። ጠንካራ የዕፅዋት ዘይቶችም እንደዚያው ናቸው፦ የባሕር ዛፍ፣ የቅርንፉድ፣ የቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት። "ተፈጥሯዊ ነው" መባሉ አያዘናጋችሁ። የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች አጣርቶ ለማስወገድ የሚረዳው ኢንዛይም በጣም ያንሰዋል፤ ስለዚህ እኛን ምንም የማያደርገን መጠን እሷን ሊመርዛት ይችላል። ድመት ደግሞ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ሁሉ ትልሳለች፣ ቀን ረግጣው ያለፈችው ነገር ማታ ሆዷ ውስጥ ነው። የቡና አተላም ካፌይን ስላለበት ይቅር፣ በተለይ ውሻ ያለበት ጊቢ ከሆነ።

በርበሬ መነስነስን ብዙ ሰው ይመክራል፣ ምክንያቱ ደግሞ ወፎችን አለማቃጠሉ ነው። እውነት ነው፤ በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የወፎች ነርቭ ላይ አይሠራም። ድመቷ ግን በመዳፏ ይዛው ትሄድና ፊቷን ስትጠራርግ ዓይኗ ውስጥ ታስገባዋለች። ይሄ ማራቅ ሳይሆን ማሠቃየት ነው። ድመት የምታድነው ክፉ ስለሆነች አይደለም፣ ተፈጥሮዋ ነው፤ እኛ ማድረግ የሚገባን እንዳይሳካላት ማድረግ ብቻ ነው።

አሞኒያ ያለበት ማጽጃ መርጨት ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒውን ሊያመጣ ይችላል። የድመት ሽንት ራሱ አሞኒያ ይሸታል። ሌላ ድመት ቦታውን እንደያዘችው ስለሚመስላት እሷም የራሷን ትጨምርበታለች።

ሽታ መጠቀም ከፈለጋችሁ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥናችሁ ድመቷ የምትገባበት አጥር ሥርና ድንጋይ ላይ እርጩ። ተክል ላይ አይሁን፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ዘይቱን ሳይሆን ራሱን ትኩስ የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭ መበተንም ይቻላል። እዚህ ጋ ያለው ስህተት አንዴ አድርጎ መርሳት ነው። ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በየጥቂት ቀኑ ካልታደሰ የለም ማለት ነው። ድመቷም ብትሆን ቀስ በቀስ ትለምደዋለች።

ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ድመቷ ምን እንደሚሸታት ነው፤ የት እንደምትደበቅ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ድመት አሳዳ የምትይዝ እንስሳ አይደለችም። አድፍጣ፣ በሆዷ ተስባ ተጠግታ፣ በአንድ ዝላይ ነው የምትይዘው። መደበቂያውን ከወሰዳችሁባት አብዛኛውን ዕድሏን ወሰዳችሁባት። ስለዚህ የወፍ መመገቢያውን ወይም የውሃ ሳህኑን ቁጥቋጦ ሥር አታድርጉት። ቢያንስ 2 ሜትር ያህል ይራቅ። በጣም ሜዳ ላይም አይውጣ፣ ጭልፊት ሲመጣ ትንንሾቹ ወፎች ሮጠው የሚገቡበት ዛፍ በቅርብ ያስፈልጋቸዋል። የቁጥቋጦውን የታች ቅርንጫፎች ከመሬት ከፍ አድርጎ መከርከምም አንድ መላ ነው፣ ከሥሩ ወዲያ ማዶ የሚታይ ከሆነ ድመት አታደፍጥበትም።

መመገቢያው የተሰቀለበት እንጨት ሻካራ ከሆነ ድመቷ እንደ መሰላል ትወጣዋለች። ለስላሳ የብረት ቱቦ ይሻላል። ወደ 2 ሜትር ከፍ ይበል፣ ድመት ቆማ በአንድ ዝላይ 1.5 ሜትር መድረስ ትችላለችና። ከመመገቢያው በታች አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ መሃሉን በስታችሁ በአፉ ድፉና ቱቦው ላይ እሰሩት። እየወጣች መጥታ ባልዲው ውስጥ ጭንቅላቷ ይገባና መንገዱ ያልቅባታል። ከተረጨ ነገር ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ አይታጠብም፣ አይጠፋም። እባካችሁ ቱቦውን ግሪስ ወይም ዘይት አትቀቡት። ወፏ ላባዋ ላይ ከነካት ታጥቦ አይለቅላትም፤ ላባ ቅባት ከያዘ ደግሞ ብርድም ውሃም አይከለክልም።

መሬቱን መርሳትም የተለመደ ነው። ከላይ የረገፈውን እህል ለመልቀም ወፎች ይወርዳሉ፣ አደጋው እዚያ ነው። ፍርፋሪውን ጥረጉ። ድመቷ የምትወደው ጥግ ላይ ለዶሮ ቤት የሚሆን የሽቦ ወንፊት መሬት ላይ አንጥፋችሁ ስስ አፈር አልብሱት፣ ጠርዙ እንዳይወጋ ወደ ታች ታጥፎ። ስለማይመቻት አትቆምበትም። የተከረከመ እሾሃማ ቅርንጫፍ ቁጥቋጦ ሥር መጎዝጎዝም ይሠራል። ሰባራ ብርጭቆ አጥር ላይ መትከል ግን አይሁን፣ ወፍም ሰውም ይቆርጣል። የላላ መረብ መዘርጋትም ክፉ ነው፣ ወፍ እግሯ ከተጠላለፈባት ለድመቷ አዘጋጅታችሁ እንደሰጣችኋት ቁጠሩት።

የሚያብረቀርቅ ሲዲ ወይም ፎይል መስቀል፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ መደርደር... ሲዲው የሚያስፈራው ወፎቹን ነው፣ ገበሬ ማሳው ላይ የሚሰቅለው ለዚያ አይደል? ጠርሙሱን ድመት ከቁም ነገርም አትቆጥረውም።

ድመቷ የራሳችሁ ከሆነች ሥራው ይቀላል። ግን "ጠግባለችና አታድንም" አትበሉ፣ ማደን ከረሃብ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ቃጭል አንገቷ ላይ ማሰርም ብቻውን አይበቃም። በ2021 የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ቃጭል ይሄ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ የአንገት ማሰሪያው ላይ የለበሱት ድመቶች ግን ይዘው የሚመጡት ወፍ በ42 በመቶ ቀንሷል፤ ወፎች ቀለም በደንብ ስለሚያዩ ቀድመው ይነቃሉ። ስጋ የበዛበት ምግብ መስጠት ወደ ቤት የሚመጣውን አጠቃላይ ግዳይ በ36 በመቶ፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማጫወት ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሶታል። ጨርቁን ቤት ውስጥ መስፋት ይቻላል። ማሰሪያው ግን ሲጎተት በራሱ የሚፈታ ዓይነት ይሁን፣ አለበለዚያ ቅርንጫፍ ላይ ያንቃታል።

ሰዓቱም አለ። ድመቶች ንጋትና ምሽት ላይ ይበረታሉ፣ ወፎችም በዚያው ሰዓት ነው ለመብል የሚወጡት። በእነዚህ ሰዓታት ድመታችሁን ቤት አስገቧት። ጫጩቶች ከጎጆ በሚወጡበት ወቅት ደግሞ ቀኑንም ጭምር፣ ገና በደንብ መብረር የማይችሉ ጫጩቶች መሬት ላይ ቀናት ያሳልፋሉና።

ሁሉ ተደርጎም ድመቷ አንዷን ከያዘች፣ "ትንሽ ጭረት ናት፣ ትድናለች" ብላችሁ አትልቀቋት። የድመት ምራቅ ውስጥ ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ የማይታይ የጥርስ ቀዳዳ እንኳ በአንድ ሁለት ቀን ወፏን ሊገድላት ይችላል። አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጧት፣ ሞቅና ጨለም ይበልላት። በአፏ ውሃ አታንቆርቁሩባት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ በቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፣ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል።