አዮዲን ያለው ጨው፦ ከሱቅ እስከ ወጥ ድስት

በጨው ላይ አዮዲን ስለተጨመረ ብቻ አዮዲኑ ወደ ሰውነታችን ገብቷል ማለት አይደለም። በማምረቻው የተጨመረው አዮዲን በጆንያ ተጭኖ ከአፋር ቆላ እስከ ደጋው ሲጓዝ፣ በጉልት ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው፣ ቤት ከገባም በኋላ ሲታጠብ፣ ሲታመስና ክዳን በሌለው ዕቃ ከምድጃ ዳር ሲቀመጥ በየደረጃው ይቀንሳል። ከዚህ ጉዞ ውስጥ የአምራቹና የነጋዴው ድርሻ በመንግሥት ቁጥጥር የሚታይ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ በቤተሰቡ እጅ ያለ በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

አዮዲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የታይሮይድ ዕጢ፣ የአካልንና የአንጎልን እድገት እንዲሁም የሰውነትን ሙቀትና ጉልበት የሚመሩትን ሆርሞኖች የሚሠራው በዚህ ንጥረ ነገር ነው። አዮዲን ሲያጥረው ዕጢው ያገኘውን ጥቂት አዮዲን አሟጦ ለመጠቀም ሲታገል እየተለቀ ይሄዳል፤ እንቅርት የምንለውም ይኸው ነው። እንቅርት የሚታየው ምልክት ሲሆን፣ ከእርሱ የከፋው ጉዳት ግን በዓይን አይታይም፤ በትምህርቱ ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት የሚጨነግፍ ጽንስ፣ ሁልጊዜ የሚደክማትና የሚበርዳት እናት የአዮዲን እጥረት ያለባቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው።

የችግሩ ሥር አፈሩ ውስጥ ነው። በተራራማው አገራችን ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈር ጠርጎ ስለወሰደው፣ በዚያ አፈር ላይ የበቀለው ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላና ጎመን፣ ያን ሣር የጋጠችው ላምም ጭምር፣ የሚይዙት አዮዲን አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጎተራው ሙሉ የሆነ ቤተሰብም ቢሆን ከዚህ እጥረት አያመልጥም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አነጋገር በሁሉም አፍ የገባው፣ እንቅርት ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን የዕለት ተዕለት ዕይታ ስለነበረ ይመስለኛል። ሩቅም ሳንሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች መካከል 40 ከመቶ የሚሆኑት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል።

ከዚያ በፊት አገሪቱ ትጠቀምበት የነበረው አብዛኛው ጨው በአሰብና በምጽዋ በኩል የሚመጣ ሲሆን፣ አዮዲን የተጨመረበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ይህ መስመር ተቋረጠ፤ በአፋር የሚመረተው የአፍዴራ ጨው ቦታውን ሲይዝ ግን አዮዲን የመጨመሩ ሥራ አብሮት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ተደነገገ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 15 ከመቶ ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 89 ከመቶ ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም በየቤቱ በጠብታ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑ መብቃቱን እንደማያረጋግጥ ማስተዋል ይገባል።

ምን ያህል ያስፈልገናል?

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ለአዋቂ 150 ማይክሮ ግራም፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 120፣ ዕድሜው ከዚያ በታች ለሆነ ሕፃን 90፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደግሞ 250 ማይክሮ ግራም ይመክራል። ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ተሰብስቦ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ሰውነት ለዓመታት የሚሆን አዮዲን ማጠራቀም ስለማይችል ያ ጥቂት መጠን በየቀኑ መግባት አለበት፤ በየቀኑ ከሚበሉት ነገሮች መካከል ጨው የተመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስሌቱን በአንድ ኪሎ ጨው እንመልከት። ቤት የገባው ጨው በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ቢይዝ፣ አንድ ሰው በቀን እንዳያልፈው በሚመከረው 5 ግራም ጨው፣ ማለትም በአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ውስጥ፣ 150 ማይክሮ ግራም ይገኛል። በማብሰል ጊዜ በግምት አንድ አምስተኛው ይጠፋልና ወደ አፍ የሚገባው 120 ያህል ይሆናል። ጨው በቤት ደረጃ እንዲይዘው የሚጠበቀው ዝቅተኛ መጠን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚህ መጠን ከተሰላ ደግሞ የሚደርሰን 60 ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ጨው አጥበን ወይም አምሰን ተጨማሪ አዮዲን ብናጣ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አይከብድም። መፍትሔው ግን ጨው ማብዛት አይደለም፤ ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ይከተላል። መፍትሔው በጥቂቱ ጨው ውስጥ ያለውን አዮዲን አለማባከን ነው።

ሲገዙ

አዮዲን የተጨመረበት መሆኑ በግልጽ የተጻፈበትን፣ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን የሰፈረበትን የታሸገ ጨው ይምረጡ። ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ ጨውም ያልረጠበና ያልተጓጐለ ይሁን፤ እርጥበት አዮዲንን ከጨው ጋር ይዞት ይወርዳልና፣ ከሥሩ ውኃ ያቆረ ከረጢት አዮዲኑን እያጣ ነው። በስኒ ወይም በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጥ ጨው ብቻ በሚገኝበት ገበያ ደግሞ ነጋዴዋ ጨውን ያወጣችበትን ከረጢት እንድታሳይዎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፀሐይ ላይ ከተሰጣው ይልቅ ጥላ ውስጥ ተሸፍኖ የቆየውን ይውሰዱ። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ እንዳለ የሚመጣ በመሆኑ አዮዲን አልተጨመረበትም፤ ለከብት የተገዛ አሞሌ ተፈጭቶ ወደ ወጥ መግባት የለበትም። የወራት ፍጆታ በአንድ ጊዜ ከማከማቸትም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መግዛት ይሻላል።

በቤት ውስጥ

በልጅነቴ እናቴ ከገበያ የመጣውን ጨው በሰፌድ ትለቅም ነበር። ጠጠሩንና ጭራሮውን ካወጣች በኋላ በውኃ ታጥበዋለች፤ የጠቆረውን ውኃ ትደፋና የቀረውን በትሪ ዘርግታ ደጃፍ ላይ ታሰጣዋለች። ከሰዓት በኋላ ነጭ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ደስ ይላት ነበር። ለቤተሰቧ ንጽሕና የምታደርገው ትጋት እንደነበረ አልረሳውም፤ ዛሬ በአዮዲን ባለው ጨው ላይ ይህ ሲደረግ ግን አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር ይደፋል፣ የቀረውንም ፀሐይ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ይህን ልማድ ለሚከተሉ እናቶችና አክስቶች የምንነግራቸው «ተሳስታችኋል» በማለት ሳይሆን፣ ድሮ የሚታጠበው ጨው ብዙውን ጊዜ አዮዲን አልነበረውም፣ የዛሬው ግን አለው በማለት ቢሆን ይቀበሉናል። ንጹሕ የታሸገ ጨው መታጠብ አያስፈልገውም፤ ጠጠር ያለበት ከሆነም በደረቁ መልቀም ይበቃል።

ጨውን ጥብቅ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ በሚገኝ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ። ብርሃን የማያሳልፍ ዕቃ ይመረጣል። የሚጨልፉበት ማንኪያ ደረቅ ይሁን፤ ከወጥ የወጣ እርጥብ ማንኪያ ወደ ጨው ዕቃ በገባ ቁጥር እርጥበት ይተዋል። አዲስ ጨው ሲገዙ አሮጌው ካለቀ በኋላ ይገልብጡት እንጂ በላዩ አይጨምሩበት።

ወጥ ሲሠሩ ጨውን ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ። ብዙ ባለሙያዎች ለጣዕሙ ሲሉ ድሮም የሚያደርጉት ነው፤ ቀይ ሽንኩርቱ ሲቁላላ የገባ ጨው ለረጅም ጊዜ ሙቀት ሲመታው፣ መጨረሻ ላይ የገባው ግን አብዛኛውን አዮዲን ይዞ ወደ መሶብ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በርበሬና ሽሮ ነው። ከቅመሙ ጋር ጨውን በምጣድ አምሰው የሚያስፈጩ ቤቶች አሉ፤ ያ በርበሬ ከዚያ በኋላ ለወራት ይቀመጣል፣ እንደገናም በዘይት ይቁላላል። እኔ የምመክረው በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው አስፈጭቶ ጨውን በየዕለቱ ወጥ ላይ መጨመር ነው። ጨው ለብልሽት መከላከያ የግድ ይግባ የሚባል ከሆነ፣ ሳይታመስ ይግባ።

በጾም ወራት ነገሩ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከጨው ሌላ አዮዲን የሚገኝባቸው ዋና ዋና ምግቦች ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል ናቸው። እነዚህን ለሚተው ጿሚ የሚቀረው ምንጭ ጨው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ በደቡብ ደግሞ ካሳቫ፣ ታይሮይድ አዮዲንን እንዳይጠቀም የሚያውኩ ነገሮች አሏቸው፤ ጎመንን በደንብ ማብሰል፣ ካሳቫን ልጦ፣ ዘፍዝፎና አብስሎ መመገብ ይህን ይቀንሰዋል። በቂ አዮዲን ለሚያገኝ ሰው ጎመን መተው አያስፈልገውም።

ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና እንቅርት ላለበት

ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን መሥራት ስለማይችል ሙሉ በሙሉ የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። አንጎሉ መሠረቱን የሚጥለው በዚሁ ወቅት ሲሆን፣ ብዙ እናቶች ግን እርጉዝ መሆናቸውን አረጋግጠው ክትትል የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው። የከፋ እጥረት ከተከሰተ የሚወለደው ልጅ በማይመለስ የአእምሮ ጉዳት፣ በመስማት ችግርና በመቀጨጭ ሊጠቃ ይችላል። ስለዚህ አዮዲን ባለው ጨው መጠቀም መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት፣ ልጃገረዷ ገና በወላጆቿ ቤት ሳለች ነው። በክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል አዮዲን እንደሌለውም ማወቅ ጠቃሚ ነው። ቀደም ሲል ያየነው ስሌት ለነፍሰ ጡር ከሚያስፈልገው 250 ማይክሮ ግራም ስለማይደርስ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ እንድታገኝ ቤተሰቡ ቅድሚያ ይስጣት፤ ተጨማሪ አዮዲን ያስፈልጋት እንደሆነም ክትትል የምታደርግበትን ባለሙያ ትጠይቅ።

ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በምግቡ ላይ ጨው አይጨመርለትም። አዮዲኑን የሚያገኘው በእናቱ ጡት በኩል ነውና፣ ለእርሱ የሚደረገው ጥንቃቄ የእናቱ ጨው ጥሩ መሆን ነው።

እንቅርት የወጣበት ሰው በጨው ብቻ እድናለሁ ብሎ መጠበቅ የለበትም። በልጆች ላይ የሚታይ አነስተኛና ለስላሳ እንቅርት አዮዲን ሲገኝ ሊቀንስ ይችላል፤ የቆየና የጓጎለ እንቅርት ግን በጨው አይጠፋም፣ በጤና ተቋም መታየት አለበት። በተለይ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም እብጠቱ በፍጥነት ካደገ ቀጠሮ አይሰጠውም። የቆየ እንቅርት ያለበት ሰው የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ያለ ምክንያት መክሳት ከጀመረውም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እንቅርትን መተኮስ፣ መብጣት ወይም ለቁስል የሚሆነውን ቲንክቸር አዮዲን መጠጣት አደገኛ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ

አሜሪካ ውስጥ የጨው ማሸጊያ ላይ አዮዲን መኖሩ ወይም አለመኖሩ ስለሚጻፍ አንብቦ መግዛት ይቻላል። የባሕር ጨው፣ ሮዝ የሂማላያ ጨውና ኮሸር ጨው በአብዛኛው አዮዲን የላቸውም፤ «ተፈጥሯዊ» መባላቸው አያታልለን። ተዘጋጅተው የሚሸጡ ምግቦችም ቢሆኑ ጨው ይብዛባቸው እንጂ ብዙውን ጊዜ በአዮዲን ባለው ጨው አይሠሩም። እንግሊዝ ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው በየሱቁ የሚገኝ አይደለም፤ በእስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በነፍሰ ጡሮችና በተማሪዎች ላይ የአዮዲን እጥረት መኖሩን አሳይቷል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ የእኛ ሰዎች፣ በተለይም የሚጾሙና ለመውለድ የሚያስቡ፣ ጉዳዩን ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው።

ጨውን ስለመፈተሽ

አንዳንድ ሰዎች ድንች ቆርጦ ጨው በመነስነስ አዮዲን መኖሩን ማወቅ ይቻላል ይላሉ። ለእኛ ጨው የሚጨመረው አዮዲን ፖታሲየም አዮዴት በሚባል መልክ ስለሆነና አዮዴት በራሱ ስታርችን ሰማያዊ ስለማያደርግ፣ ድንቹ ቀለም ባይለውጥ ጨውዎ አዮዲን የለውም ማለት አይደለም። አስተማማኙ ለዚሁ የተዘጋጀው ጠብታ ሲሆን፣ ጨው ላይ ሲንጠባጠብ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከተለወጠ አዮዲን አለው። የሚጠቀሙበትን ጨው አንድ ማንኪያ ያህል በደረቅ ከረጢት ቋጥረው ወደ ጤና ጣቢያ በሚሄዱበት ቀን ይያዙ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤትዎ ስትመጣ ጠብታው እንዳላት ይጠይቋት። ቀለሙ ካልተለወጠ ማሸጊያውን አይጣሉ፤ የአምራቹን ስምና የተመረተበትን ቀን ይዘው እዚያው ያሳውቁ፣ ጨውንም የገዙበት ሱቅ ሄደው ለባለ ሱቁ ይንገሩት።