የዶሮ መንጫ ማሽን ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ይሄ ጽሑፍ ከፕላስቲክ በርሜል፣ ከዲናሞና ላባ ከሚነቅል የጎማ ጣት ራሳችሁ ለሠራችሁት ወይም ምናለሽ ተራ ላሠራችሁት ማሽን ነው። ስፒናው መሰካቱን፣ ብሬከሩ አለመውደቁን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ላባው ግማሹ ይቀራል፤ ወይም ቆዳው ይቀደዳል

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ ውሃው። ለጥገና ከሚጠሩኝ አብዛኛው በዚህ ነው፤ ካቻቪቴ ሳላወጣ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ማሽኑ የሚነጨው የላላ ላባ ነው። የሚያላላው ደግሞ ሙቀት ነው። ከ60 እስከ 63 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል። ከ55 በታች ከሆነ በዚያች ደቂቃ ላባው አይለቅም፤ ጣቶቹ ይዳብሱታል እንጂ አይነቅሉትም። ከ70 ካለፈ ደግሞ ቆዳው ይበስላል። የበሰለ ቆዳ የጎማ ጣት ሲያርፍበት እንደ እርጥብ ወረቀት ነው የሚቀደደው።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። «ታዲያ የእኛ ፍል ውሃ ቀዝቀዝ ያለ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ለዶሮ ቆዳ 92ም 100ም ያው ነው።

ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት «ማሽንህ ቆዳ እየበላ ነው» ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ብረት ድስቱ ይንተከተካል። ልጁ ዶሮውን በእግሩ ይዞ ነክሮታል፤ በሌላ እጁ ስልክ ያወራል። ወሬው እስኪያልቅ ዶሮው እዚያው ነው። ሲያወጣው ክንፉ ስር ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኩት፤ ተላጠ። ማሽኑ ገና አልነካውም! ለዶሮ ወጥ ከሆነ ቆዳው ስለሚገፈፍ ባለቤቱ ግድ አይሰጠውም። አሮስቶ ለሚሸጥ ሰው ግን ቆዳ የተቀደደበት ዶሮ ማን ይገዛዋል?

ተቃራኒው የሚመጣው በዓል ዋዜማ ላይ ነው። አንድ ሳፋ ውሃ ይሞቅና ዶሮዎቹ በተራ ይነከራሉ። የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ይወጣል። አራተኛው ላይ አንገቱና ጭራው አካባቢ ላባ ይቀራል። «ጣቶቹ ደከሙ» ይሉኛል። ውሃውን ስለካው 50 ደርሷል። እያንዳንዱ ዶሮ ሙቀት ይወስዳል፤ በየመሃሉ ፍል ውሃ ካልጨመራችሁ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ቴርሞሜትር ግዙ። የትኩሳት መለኪያ አላልኩም! እሱ 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል፤ ብርጭቆው ሳፋ ውስጥ የተሰበረበት ሰው አውቃለሁ። መለኪያ እስኪገኝ ሦስት ጆግ የፈላ ለሁለት ጆግ የቧንቧ ውሃ ቀላቅሉ፤ 62 አካባቢ ይመጣል። ሳፋው ቀዝቃዛ ከሆነ ትንሽ ይወርዳል።

አነካከርም አለው። የሐበሻ ዶሮ ላባ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቅባቱ ውሃ አያስገባም። ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ላይ ጣሉ፤ በኋላ በደንብ ይለቅለቃል። እግሩን ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉት። የክንፉን ትልቁን ላባ በሁለት ጣት ሳቡ፤ ሳይታገላችሁ ከወጣ በቃ፣ አውጡት። አውራ ዶሮና ያረጀች ዶሮ ይቆያሉ። ሰከንድ ጨምሩ እንጂ ሙቀት አትጨምሩ። ሌላ ቦታ ታርዶ በፌስታል የመጣ፣ ቀዝቅዞ የደረቀ ዶሮ ላይ ግን ማሽኑም እኔም ተአምር አንሠራም።

ያጉረመርማል፣ አይዞርም

ቺንጋውን አውልቁና ዘንጉን በእንጨት ገፋ አድርጉት፤ በእጅ አይደለም። ከተነሳ ካፓሲተሩ (ዲናሞውን የሚያስነሳው) ሞቷል። በዚያው ማይክሮፋራድ ቀይሩ፤ 450 ቮልት የሚል ይሁን። ስፒናውን ብትነቅሉም ካፓሲተር ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ጫፎቹን በባዶ እጅ አትንኩ።

ሌላ ቀን ደህና ሆኖ በዋዜማ ምሽት ብቻ ከሆነ መብራቱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድና ምድጃ ሰክቷል። 220 የነበረው 180 ሲወርድ የዲናሞው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ዶሮዎቹን በጊዜ ጨርሱ፤ ወይም አንድ አንድ እያደረጋችሁ አስገቡ። ባዶውን አስነስታችሁ ዶሮውን በኋላ ጣሉበት። ቺንጋው እየተንሸራተተ የሚሸት ከሆነ አጥብቁት፤ ውሃ እንዳይነካውም በላሜራ ሸፍኑት።

ክንፍና እግር ይሰብራል

ወይ ፍጥነቱ ነው ወይ ክፍተቱ። በደቂቃ 1400 የሚዞር ዲናሞ ላይ 5 ሳንቲም ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያርፍበት መዘውር)፣ በርሜሉ ስር በሚዞረው ሳህን ዘንግ ላይ 25 ሳንቲም ከሆነ 280 ይመጣል፤ ጥሩ ነው። አንዳንድ ሻጭ 2800 የሚዞረውን «ያው ነው» ብሎ ይሸጥላችኋል። ያው አይደለም፤ ዶሮው ይወረወራል። ሽቦው እንደገና የተጠቀለለና ታርጋው የተነቀለ ዲናሞ ደግሞ ባይገዛ ይሻላል።

በሳህኑና በበርሜሉ መሃል 2 ሳንቲም ያህል ይበቃል። ከሰፋ እግር ይገባበታል። ከጠበበ ላባው አይወርድም፣ ይታፈናል። ሲሠራ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ይሁን፤ ቧንቧ በፈረቃ ከሆነ ሌላ በርሜል ሙሉና በጆግ አፍስሱ። ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው፤ «ትንሽ ይቆይ» አጥንት ይሰብራል።

ጣቶቹ ይወልቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ

ቀዳዳው ከጣቱ አንገት ሰፍቷል። ያረጀ ጎማ በቢላ ቆርጣችሁ ጣት አትሥሩ! የመኪና ጎማ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ፤ ተበጥሶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ለዶሮ ተብሎ የተሠራውን ግዙ። ስብ ጎማ ይበላል፤ ሁልጊዜ ሥራ ሲያልቅ በሳሙና እጠቡ።

ይነዝራል

ወዲያው አቁሙ። እርጥብ ወለል፣ ነጠላ ጫማና 220 ቮልት አንድ ላይ ሰው ይገድላል። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» የሚባል ነገር የለም። የብረት እግሩ ላይ ኧርዝ ይታሰር፤ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ይግባ። ዲቫይደር መሬት ላይ አይጋደም። እጃችሁን ወደ በርሜሉ ከመስደዳችሁ በፊት ስፒናው ይነቀል፤ ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ኩሽኔታ ከጮኸ ውሃ ገብቶበታል። ግራሶ አትቀቡት፤ በሁለቱም ጎን በጎማ የተዘጋውን ገዝታችሁ ቀይሩ።