ብሎግ ከመክፈታችሁ በፊት ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) በራሳችሁ ስም ግዙ

የብሎግ መሥሪያው ዎርድፕሬስ ሁለት መልክ አለው። ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ላይ ሰርቨሩንም (ብሎጉ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) አፕዴቱንም እነሱ ይይዙላችኋል። ከዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ የምታወርዱት ሶፍትዌር ራሱ ነፃ ነው፤ ሆስቲንጉን (የሰርቨር ቦታውን) ግን ትከራያላችሁ፣ አፕዴትና ባክአፕ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ሳይታደስ የከረመ ፕለጊን (ዎርድፕሬሱ ላይ የሚጨመር ትንሽ ሶፍትዌር) ለሀከር ክፍት በር ነው። ጽሑፍ ብቻ ለሚለጥፍ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግለታል? ሱቅ ወይም የተለየ ዲዛይን ካላስፈለጋችሁ በስተቀር ይቅርባችሁ። አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ ሆስቲንግ በየጊዜው በዶላር መክፈሉ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ዶሜይኑ ላይ ግን አትሰስቱ። ብሎገር የተባለው የጉግል የብሎግ አገልግሎት ነፃ ነው፤ የገዛችሁትን ዶሜይን ለማገናኘትም አያስከፍልም። ነገ ቦታ ብትቀይሩ አድራሻችሁ አብሯችሁ ይሄዳል። ያሁ በ2009 እ.ኤ.አ. ጂኦሲቲስን (ሰው በነፃ ድረ ገጽ ይከፍትበት የነበረውን አገልግሎት) ሲዘጋ እዚያ የነበረው አድራሻ ሁሉ ነው አብሮ የቀረው።

ጽሑፋችሁንም አልፎ አልፎ ኤክስፖርት አድርጉ (ቅጂውን አውርዱ)። ከዎርድፕሬስ የሚወርደው የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ የፎቶዎቹ ሊንክ እንጂ ፎቶዎቹ የሉም (ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው)። እነሱን ለብቻ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።