ፋይሉ አላበደም፦ ገጽ ስናሰናዳ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ማታ ላይ ደወለልኝ። ጠዋት የሚታተም 80 ገጽ ጽሑፍ ይዟል። «ምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ ፋይሉ አበደብኝ» አለኝ። ላከልኝና ከፈትኩት። እውነቱን ነው። የምዕራፍ ሦስት ርዕስ ገጹ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ሰንጠረዡ ለሁለት ተከፍሏል። ሥዕሉ በአንድ ገጽ፣ መግለጫው በሌላ ገጽ ሆኗል።

ዎርድ ላይ የተገለበጠች «ፒ» የምትመስለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ይቺ ቁልፍ የማይታዩትን ምልክቶች ሁሉ አደባባይ ታወጣለች። ስፔስ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ታብ ቀስት ይሆናል፣ ኢንተር በተመታበት ቦታ ደግሞ ያቺው ምልክት ትቀመጣለች። የወዳጄ ፋይል በሷ ተጥለቅልቋል። በየምዕራፉ መጨረሻ 15 እና 20 ኢንተር ተደርድሯል።

ስለዚህ ፋይሉ አላበደም። ወዳጄ ስክሪኑ ላይ ያለውን ገጽ እንደ ወረቀት አይቶት ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ከቦታው አይነቃነቅም። ዎርድ፣ ሊብሬኦፊስ ወይም ጉግል ዶክስ ግን አንድ ቃል በጨመርን ቁጥር ገጹ የት እንደሚያልቅ እንደገና ያሰላሉ። በዓይናችን ለክተን ያስተካከልነው ነገር በሚቀጥለው እርማት ይፈርሳል። ምን እንደምንፈልግ ለፕሮግራሙ መንገር አለብን። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመንገር ነው።

የወረቀቱን መጠን ሳያዩ መጀመር

ኮምፒውተሩ የአሜሪካ ቅንብር ካለው አዲስ ፋይል የሚከፈተው «ሌተር» በሚባለው መጠን ነው። ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 18 ሚሊ ሜትር ቁመት ማለት በአንድ ገጽ ሦስት መስመር ገደማ ነው። 80 ገጽ ጽፈን ስንጨርስ መጠኑን ብንቀይር የእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ይዛወራል። ካልቀየርነውም ፕሪንተሩ ወይ ጽሑፉን ያሳንሰዋል፣ ወይ መብራቱን እያብለጨለጨ የሌለ ወረቀት ይጠይቃል።

ዎርድ ላይ «ሌይአውት» ከሚለው ስር «ሳይዝ» አለ። ጉግል ዶክስ ላይ «ፋይል» ውስጥ ገብታችሁ «ፔጅ ሴትአፕ» የሚለውን ክፈቱ። የመጀመሪያውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት አንዴ ካያችሁት በቂ ነው።

ከኅዳግ ላይ መስረቅ

«ከ10 ገጽ እንዳይበልጥ» ተብለናል፤ ጽሑፋችን ግን 11 ገጽ ሆኗል። ምን እናደርጋለን? ኅዳጉን፣ ማለትም በገጹ ዙሪያ የሚተወውን ባዶ ቦታ (ማርጂኑን)፣ ከአራቱም ጎን እንቆርጣለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አልዋሽም።

ዎርድ ራሱ የሚሰጠው ኅዳግ ከአራቱም ጎን 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ኢንች ነው። የድሮው ዎርድ 2003 በግራና በቀኝ 3.17 ይተው ነበር፤ የቆየ ፋይል ስትከፍቱ ጽሑፉ ጠበብ ብሎ ቢታያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኅዳጉን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ስናወርደው መስመሩ በጣም ይረዝማል። አንባቢ አንዱን መስመር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲመለስ ዓይኑ ይስታል፤ ያነበበውን ደግሞ ያነባል። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ ፕሪንተሮች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ማተም አይችሉም። ጥቂት ሚሊ ሜትር የግድ ይተዋሉ። «ማርጂኑ ከሚታተመው ቦታ ውጭ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ መጥቶ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት የመስመሩ ጫፍ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። ገጽ መቀነስ ከሆነ የተፈለገው፣ ዓረፍተ ነገር መቀነስ ይሻላል።

የሚጠረዝ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጥርዙ ከወረቀቱ ላይ የሚበላው ቦታ አለ። ለዚህ «ጋተር» የሚባል ተጨማሪ ኅዳግ ተሰጥቶናል። ብዙ ሰው ጋተርን ትቶ የግራውን ማርጂን ብቻ ያሰፋል። በአንድ ገጽታ ብቻ ለሚታተም ይሠራል። በሁለቱም ገጽታ ስናትም ግን ይገለበጣል፤ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ጥርዙ ያለው በቀኝ በኩል ነው። ሰፊው ኅዳግ በውጭ በኩል ይቀርና ጽሑፉ ጥርዙ ውስጥ ይሰምጣል። መፍትሔው «ሚረር ማርጂንስ» የሚለው ምርጫ ነው። እሱ ሲመረጥ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉት ቃላት «ውስጥ» እና «ውጭ» በሚሉ ይተካሉ፤ ቀሪውን ፕሮግራሙ ይሠራዋል።

በኢንተርና በስፔስ ባር ገጽ መሥራት

የወዳጄ በሽታ ይህ ነበር። አዲስ ገጽ ለመጀመር ኮንትሮልን ይዞ ኢንተርን አንዴ መምታት ይበቃል። ይህ ፔጅ ብሬክ ይባላል። ከላይ ያለው ጽሑፍ ቢረዝምም ቢያጥርም ቀጣዩ ነገር ሁልጊዜ ከአዲስ ገጽ ይጀምራል። ምዕራፍ ለሚበዛበት ጽሑፍ ደግሞ ከዚህም የሚሻል አለ። የምዕራፍ ርዕሶቹን «ሄዲንግ 1» በሚለው ስታይል (ስም ተሰጥቶት በተቀመጠ የአጻጻፍ ቅንብር) ጻፏቸውና የስታይሉ የአንቀጽ ቅንብር ውስጥ «ፔጅ ብሬክ ቢፎር» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ምዕራፍ ሳይነገረው ከአዲስ ገጽ ይነሳል። ማውጫውም ከነዚሁ ርዕሶች ራሱ ይወጣል። ማውጫን በነጥብ እየደረደሩ በእጅ መጻፍ ለጠላትም አልመኝ!

በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ያለው ክፍተት በኢንተር ሳይሆን በ«ስፔሲንግ አፍተር» ይስተካከላል። ርዕስ መሃል ላይ የሚቀመጠው በስፔስ ባር ሳይሆን በሴንተር ቁልፍ ነው። በስፔስ የተገፋ ርዕስ ፎንቱ ሲቀየር ቦታውን ይለቃል።

አንድ ገጽ ለማጋደም ሁሉንም ማጋደም

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ጽሑፉ ቆሞ፣ አንድ ሰፊ ሰንጠረዥ ብቻ ተጋድሞ እንዲታይ እንፈልጋለን። «ላንድስኬፕ» እንላለን፤ 80 ገጹ በሙሉ ይጋደማል። እንመልሰዋለን። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሰንጠረዡን ለብቻው በሌላ ፋይል ያትምና ወረቀቱን መሃል ላይ ይሸጉጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወረቀት መጠን፣ ኅዳግ፣ አቀማመጥ፣ ራስጌና ግርጌ የአንድ ገጽ ንብረት አይደሉም። የሴክሽን፣ ማለትም የክፍል ንብረት ናቸው። ፋይሉ ካልተከፋፈለ ሙሉው አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ከሰንጠረዡ በፊት አንድ፣ ከሰንጠረዡ በኋላ አንድ ሴክሽን ብሬክ እናስገባለን፤ «ኔክስት ፔጅ» የሚለውን ዓይነት። ጽሑፉ ሦስት ክፍል ሆነ። መሃለኛው ውስጥ ጠቋሚውን አስቀምጠን ላንድስኬፕ ስንል የሚጋደመው እሱ ብቻ ነው። ሊብሬኦፊስ መንገዱ ለየት ይላል፤ እዚያ የገጽ ስታይል ነው የሚቀየረው።

እዚህ ድረስ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ጉድ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ዎርድ የአንድን ክፍል ቅንብር የሚያስቀምጠው በክፍሉ መጨረሻ ባለው ብሬክ ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያው ላይ አይደለም። «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» ብላችሁ ብሬኩን ብታጠፉት ከላይ ያለው ጽሑፍ የራሱን ቅንብር ያጣና የታችኛውን ይወርሳል። ከተጋደመው ሰንጠረዥ በፊት ያለውን ብሬክ ስታጠፉ የቆሙት 40 ገጾች በሙሉ ተጋድመው ታገኟቸዋላችሁ። ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ስለሆነ ደንግጦ ሌላ ነገር ይነካካል፣ ሌላም ይበላሻል። እንዲህ ሲሆን ምንም ሳትነኩ ኮንትሮልና «ዜድ» ተጫኑ፤ ይመለሳል።

የገጽ ቁጥርም በዚሁ መንገድ ነው የሚበላሸው። የሽፋን ገጹ ላይ ቁጥር እንዳይኖር ብቻ ከፈለጋችሁ ሴክሽን አያስፈልጋችሁም፤ «ዲፈረንት ፈርስት ፔጅ» የሚለው ይበቃል። መቅድሙ በሮማውያን ቁጥር፣ ዋናው ጽሑፍ ከ1 እንዲጀምር ከተፈለገ ግን ሁለት ክፍል የግድ ነው። አዲስ ክፍል ሲፈጠር ግርጌው ከፊተኛው ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። «ሊንክ ቱ ፕሪቪየስ» የሚለውን ሳታጠፉ አንዱን ብታስተካክሉ ሌላው አብሮ ይቀየራል። ደግሞም የራስጌው ማሰሪያና የግርጌው ማሰሪያ የተለያዩ ናቸው። ላይኛውን ፈታችሁ ታችኛውን መርሳት ያለ ነው፤ እኔ ዛሬም እረሳዋለሁ። መጀመሪያ ፍቱ፣ ከዚያ ቁጥሩን ቀይሩ።

ባዶዋን ገጽ ማሳደድ

መጨረሻ ላይ የማትጠፋ ባዶ ገጽ አለች? ከፊቷ ሰንጠረዥ ካለ ምክንያቱ ይታወቃል። ዎርድ ከሰንጠረዥ በኋላ የግድ አንድ ባዶ አንቀጽ ያስቀምጣል፤ ዲሊት ብትደበድቡም አይጠፋም። ሰንጠረዡ ገጹን እስከ ታች ከሞላው ያቺ አንቀጽ ወደ አዲስ ገጽ ትወርዳለች። የፎንት መጠኗን 1 አድርጉት፣ ከላይና ከታች ያላትን ክፍተት ዜሮ አድርጉት፤ ተመልሳ ትገባለች።

ስክሪን ላይ ሳትታይ ስትታተም ብቻ የምትመጣ ባዶ ገጽ ካለች ደግሞ «ኦድ ፔጅ» የሚባለውን ሴክሽን ብሬክ ፈልጉ። እሱ ቀጣዩን ክፍል በጎዶሎ ቁጥር ገጽ ላይ ለማስጀመር ሲል ባዶ ገጽ ያስገባል። ለመጽሐፍ ጥሩ ነው፤ ሳያውቁት ሲመጣ ግን ያሳብዳል።

ርዕስን ብቻውን ጥሎ መሄድ

ርዕሱ ከገጹ ግርጌ፣ ጽሑፉ በቀጣዩ ገጽ። ይህ ሲሆን ኢንተር አትምቱ። የርዕሱ አንቀጽ ላይ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» የሚለውን ምረጡ፤ ከሚከተለው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። የዎርድ ሄዲንግ ስታይሎች ይህን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ስታይል ተጠቀሙ ብዬ የምጨቀጭቀው ለዚህም ነው። ሥዕልን ከመግለጫው ጋር ለማሰር የሚያገለግለውም ይኸው ነው። ሁለት ገጽ የሚይዝ ሰንጠረዥ ካላችሁ «ሪፒት ሄደር ሮውስ» የሚለውን ብትመርጡ የዓምዶቹ ርዕስ በሁለተኛው ገጽ አናት ላይ ይደገማል።

ሁሉንም ጀስቲፋይ ማድረግ

በግራም በቀኝም እኩል የሆነ ጽሑፍ ያምራል፤ አይካድም። ግን የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። «እንዳልተመለሰላቸው» ብሎ ነገር አንድ ቃል ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ካልበቃው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይወርድና የቀረው ክፍተት ለጥቂት ቃላት ይከፋፈላል። መስመሩ እንደ ወላለቀ ጥርስ ክፍት ክፍት ይላል። በተለይ ጠባብ ዓምድ ላይ ያስጠላል። እዚያ ላይ በግራ ብቻ ማስተካከል ይሻላል። ሺፍትን ይዘው ኢንተር የሚመቱ ሰዎችም ይጠንቀቁ፤ ጀስቲፋይ በሆነ አንቀጽ ውስጥ ያቺ አጭር መስመር እስከ ቀኝ ጠርዝ ድረስ ትለጠጣለች።

ዎርዱን እንዳለ ለማተሚያ ቤት መስጠት

እናንተ የተጠቀማችሁበት የግዕዝ ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፕሮግራሙ ያገኘውን ሌላ ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋት ይለያል፣ መስመሩ ይለወጣል፣ ገጹ ይገፋል። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነማ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ከመላክ በፊት ማውጫውን በሙሉ መርጣችሁ «ኤፍ 9» ተጫኑ፤ የገጽ ቁጥሮቹ ይታደሳሉ። ከዚያ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ገጹ ከቦታው አይነቃነቅም። ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልብጡት።

ያን ሌሊት የወዳጄን ኢንተሮች ስንነቅል እኩለ ሌሊት አለፈ። ፒዲኤፉን ሲከፍተው 76 ገጽ ሆኗል። «አራቱ ገጽ የት ሄደ?» ብሎ ደነገጠ። ባዶ ቦታ ነበር።